ተናጋሪ ሰባት

እቴቴ የአባቷን መሞት የሰማችው ጠዋት ጢሙን ላጭታለት፣ ሸሚዙን ቀይራለት፣ ሻዩን በማንኪያ አጠጥታው ከቤት ከወጣች በኋላ ነው። ያረዳትም ባዳ አይደለም፤ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ እንኳ ሊያረዳት ብሎ አልነበረም። የመኪና አፍቃሪዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ ድምፅ ማጉያ ጨብጦ፣ አዲስ ስለመጣች አንዲት የስፖርት መኪና አስተያየቱን ሲሰጥ፣ በወሬው መሃል ጣል አድርጓት ያለፈ ነገር ነች። «አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታወቀ መካኒክ ነበር» አለ። አዳራሹም በአንድ አፍ «ነፍስ ይማር» አለለት። የእቴቴ ሥራ የተቀዳ ድምፅ እየሰሙ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ስለሆነ፣ ነገሩ ልቧ ጋ ከመድረሱ በፊት ጣቶቿ ጋ ደርሶ ነበር። ቀና ብላ ብታይ አባቷ ከነነፍስ ይማሩ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል።

እቴቴ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ወንድሟ አፉን ሲፈታ ያወጣላት ነው፤ እሱ እንዳላት ቤተሰቡም ጎረቤቱም መሥሪያ ቤቱም እቴቴ አላት፣ በዚያው ቀረ። የምትሠራበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድሮ ዕቃ ማከማቻ ነበር ይላሉ፤ አሁንም ከዚያ ብዙ ፈቀቅ አላለም። አንድ መስኮት አለው፤ እሱም ቢከፈት የሚያሳየው የጎረቤቱን ሕንፃ ግድግዳ ነው። ከጠረጴዛዋ ሥር በእግር የሚረገጥ ፔዳል አለ፤ ስትረግጠው ድምፁ ይሄዳል፣ ስትለቀው ይቆማል። የቦርድ ስብሰባው፣ የኢንሹራንስ ክርክሩ፣ የባልና ሚስት ጭቅጭቁ ሁሉ በዚህች ፔዳል ሥር አልፏል። ደንቡ አንድ ነው፤ የተባለ ሁሉ ይጻፋል። ሳልም፣ ሳቅም፣ ዝምታም በቅንፍ ይገባል። የተናጋሪ ስም አይጻፍም፤ ሰው በቁጥር ነው የሚጠራው። አለቃዋ ሥራ ባስረከባት ቁጥር «እኛ ጆሮ ነን፤ አስተያየት የለንም» ማለት ይወዳል። እቴቴ አስተያየት ነበራት። ግን ማን ጠይቋት።

የዚህ ሳምንቱ ሥራ የመጣው ከአንድ መኪና አስመጪ ነው። አዲሷን መኪና አዳራሽ መሃል አቁሞ፣ የመኪና አፍቃሪ የተባለውን ሁሉ ጠርቶ፣ በሉ የተሰማችሁን ተናገሩ ብሏቸዋል። ተናገር የተባለ አፍቃሪ መች ያቆማል። ተናጋሪ አንድ ገና ሲጀምር ድምፁ ተቆራረጠ፤ የቀድሞዋ ቱርቦ ስላልነበራት ስትጮህ ጸጉር ታቆም ነበር፣ ይቺኛዋ ግን ድምፅዋ የታፈነ ነው፣ ነፍሷን አውጥተው ቆርቆሮዋን ሸጡልን እያለ እንደ ሐዘንተኛ አንጎራጎረ። ተናጋሪ ሁለት አውቶቡስ ጠፍቶበት በመዘግየቱ ይቅርታ ከጠየቀ በኋላ፣ የለም፣ ቱርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየር ጨምቆ መልሶ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው፣ ነዳጅ ስትረግጥ ጀርባህ ከመቀመጫው ጋር ይጣበቃል አለ። ረግጦ ያውቅ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ተናጋሪ ሦስት ሞተሩ ከፊት ኮፈኑ ሥር መሆኑ ቀርቶ መሃል ላይ፣ ከመቀመጫው ጀርባ መቀመጡ ክብደቷን አካፍሎላታል፣ ኩርባ ላይ አትንገዳገድም የሚለውን አንድ ነገር በአራት ዓይነት አነጋገር ደጋገመው። ተናጋሪ አራት ቱርቦዎቹ ሁለት መሆናቸውን፣ ትንንሽ ስለሆኑም ቶሎ እንደሚነሱ አስረዳ። ተናጋሪ አምስት ሞተሩ መሃል ከገባ ታዲያ ጓዝ የት ይገባል ብሎ ተቆጣ፤ ጓዝ ቀርቶ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ትንሽ ቆይቶ ራሱ ተናገረ። ተናጋሪ ስድስት ከእነሱ የሰማውን ሁሉ አገጣጥሞ እንደ ራሱ አቀረበው። የመኪናዋ ዋጋ እቴቴ የምትኖርበትን ሕንፃ ከነተከራዮቹ ይገዛል። ከተሰበሰበው ሰው ውስጥ ልግዛት የሚል አንድም አልነበረም፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼው ነው። ያም ሆኖ ተናጋሪ አንድና ተናጋሪ ሁለት ሊደባደቡ ሲሉ ሰው መሃል ገብቷል። እሱንም በቅንፍ ጽፋዋለች።

ሰባተኛው ሰው ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠረገ። እቴቴ እግሯን ከፔዳሉ ላይ አነሳች። ያንን የጉሮሮ አጠራረግ ታውቀዋለች፤ ልጅ ሆኖ ሳህን ሰብሮ ሊዋሽ ሲል የሚያሰማው ነው። መልሳ ረገጠችው። «አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የታወቀ መካኒክ ነበር» አለ ወንድሟ፤ የአዳራሹን ነፍስ ይማር በትዕግሥት ተቀብሎ ቀጠለ። «ሞተር በራሱ ሳንባ ነው መተንፈስ ያለበት ይል ነበር። ቱርቦ የተገጠመለት ሞተር ኦክስጅን እንደተሰካለት በሽተኛ ነው፤ አለ ይባላል እንጂ የለም። ይህን የምለው እኔ አይደለሁም፤ አባቴ ነው።» ጭብጨባው ረዥም ነበር። እቴቴ ጭብጨባ ብላ ጻፈች። መጨረሻ ላይ አዘጋጁ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሞተሯን አስነስቶ መስማት የሚፈልግ ነገ ከሰዓት በኋላ ይምጣ ሲል፣ አንደኛ ብሎ የተመዘገበው ተናጋሪ ሰባት ነበር። ነገ ሌላ ሥራ የለኝም፣ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነኝ አለ። ነገ የተባለው እንግዲህ ዛሬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ጫማዋን ስታስር የደወለላት ይኸው ወንድሟ ነበር። የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ስለሆነ መስክ መውጣት ሥራው ነው፤ እሷም የምታምነው ለዚህ ነው። ሩቅ አገር አንድ ጭነት መኪና ተገልብጦ እሱን ለመገመት ሌሊቱን መሄዱን፣ ኔትወርኩም መንገዱም የማይሆን መሆኑን፣ ስለዚህ ዛሬ ማታ እንደማይደርስ ነገራት። ማታ መድረስ የነበረበት እቴቴ ሆስፒታል ስለምትገባ ነው። የሐሞት ከረጢቷ ጠጠር ሞልቶታል። ሕመሙ ሲነሳባት ከቀኝ ጎኗ ጀምሮ ትከሻዋን ይዞ ያስጎነብሳታል፤ ባለፈው ወር የአባቷን አልጋ ልብስ እየለወጠች ሳለ ተነሥቶባት፣ አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተኝተው እስኪያልፍላት ጠብቀዋል። ቀጠሮዋን ሁለት ጊዜ አራዝማለች፤ አንድ ጊዜ ወንድሟ መስክ ሆኖ፣ አንድ ጊዜ ወንድሟ ጉንፋን ይዞት። ሐኪሟ አሁንስ ጠጠሩ አይጠብቅሽም፣ ቱቦውን ከዘጋው በሩጫ ነው የምትመጪው፣ ሮጦ መድረስ ደግሞ ለሁሉ አይሳካም ብሏታል። ጀምበር ሳትጠልቅ ገብታ መተኛት፣ በማግስቱ ጠዋት ኦፕራሲዮን መሠራት አለባት። የታችኛው ፎቅ ልብስ ሰፊ ቀን ቀን ብቅ እያለች አባቷን ታይላታለች፤ ግን ወገቧ ስለማይችል አታነሳውም፣ ማታም ልጆቿን ትታ አታድርም። ወንድሟ ይህን ሁሉ ያውቃል። ያውቃልና «አንድ ጊዜ ብቻ ብታራዝሚውስ፣ እቴቴ» አላት። እሺ ብላው ነበር።

አሁን ደወለችለት። ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። ደግማ ደወለች። ትንሽ ቆይቶ መስክ ነኝ፣ በኋላ እደውላለሁ የሚል አጭር መልእክት ገባላት።  ወንድሟ መዋሸቱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሳህን ከመስበር ጀምሮ ታውቀዋለች። ያንገበገባት ሌላ ነው። እሷ በየጠዋቱ ገላውን የምታጥበውን፣ ጥፍሩን የምትቆርጥለትን፣ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እያገላበጠች እንዳይቆስል የምትጠብቀውን ሰው፣ እሱ በአንድ ዓረፍተ ነገር በቁሙ ቀብሮት፣ አስጨብጭቦበት፣ ለመኪና ወረፋ ተመዝግቧል። መሥሪያ ቤት ማልቀስ አትወድም፤ ግን ዓይኗ አልሰማትም። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

አለቃዋ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አስመጪው ደውሎ ነበር፤ የግል ታሪክ፣ ምርቃት፣ ሐዘን ምናምን ይውጣልኝ፣ እኔ የምፈልገው ስለ መኪናዋ የተባለውን ብቻ ነው ብሏል። የተባለ ሁሉ ይጻፋል የሚለው ደንብ ከፋዩ ካልፈለገው ደንብ አይደለም። እቴቴ «ነፍሱን ይማረውና» የሚለውን አጠቆረችና አንዲት ቁልፍ ነካች፤ አባቷ ተነሣ። የአዳራሹንም ነፍስ ይማር አጠፋች። እንዲህ ቀላል ከሆነማ ምን ነበረበት ብላ አሰበች። አለቃዋ በሩ ላይ ቆም ብሎ ነገ ቶሎ ትገቢያለሽ አይደል፣ የቀረው ቅጂ ብዙ ነው አላት። ነገ ሆስፒታል መሆኗን ሦስት ጊዜ ነግራዋለች። አራተኛ ነገረችው። ውይ፣ ለካ ነገ ነው አለና፣ ከመግባትሽ በፊት ግን ይቺን ብትጨርሺልኝ ብሎ ሄደ።

ከወትሮው ቀደም ብላ ጨርሳ ወጣች። አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ፣ እጇን ቀኝ ጎኗ ላይ አድርጋ፣ ለሆስፒታሉ ደውዬ ልቅር ወይስ አልቅር እያለች ከራሷ ጋር ስትከራከር ፌርማታዋን አልፋ ወርዳ ወደኋላ ተመለሰች። የሕንፃው ሊፍት እንደተለመደው አይሠራም። ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከእቴቴ ቤት ስትወጣ አገኘቻት። አባትሽ ሾርባውን ጨርሷል፣ መድኃኒቱን ግን እቴቴ ካልሰጠችኝ አልውጥም ብሎ ጥሎታል፣ ታዲያ ዛሬ ትገቢያለሽ ወይስ ስትል ጠየቀቻት። እቴቴ አላውቅም አለች። ልብስ ሰፊዋም ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ ወረደች።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የአባትየው አልጋ መንገዱን ከሚያየው መስኮት ሥር ነው፤ ከዚያ ሌላ ቦታ እንቢ ብሏል። ግማሽ ጎኑን ሕመም ከወሰደበት ወዲህ ቀኑን የሚገፋው የሚያልፉትን መኪኖች በድምፃቸው እየለየ ነው፤ የዚያኛው ፍሬን ሸራው አልቋል፣ የዚያኛው የጭስ ማውጫ ማርሚታ ተበስቷል እያለ የማያውቃቸውን ሰዎች መኪና ይመረምራል። ንግግሩ ይጎተታል፤ እቴቴ ግን አንድም ቃል አያመልጣትም፣ እንጀራዋ ነውና። ማታ ማታ ስትገባ የሚጠይቃት ጥያቄ አንድ ነው። ዛሬ ማን ምን አለ ይላታል። እሷም የቦርድ ሊቀመንበሩን ሳልና የባልየውን እልህ እየነገረችው እራቱን ታጎርሰዋለች፤ እሱ እስከ አጋማሹ ሰምቶ ይተኛል። ዛሬ በመንገድ ላይ ሆድ ይፍጀው ብላ ነበር የመጣችው። በሽተኛ ሰው ሞተሃል ተባልክ አይባልም። ግን ስለ መኪና ነበር ካለችው በኋላ ነገሩ ከእጇ ወጣ።

አባትየው ጤነኛ ዓይኑ ፈገግ አለ፤ ትራሴን ከፍ አድርጊልኝ አለ። ሞተሯ የት ነው የተቀመጠው፣ ስንት ሲሊንደር ነው፣ ቱርቦው አንድ ነው ሁለት፣ ማቀዝቀዣዋ አየር የሚስበው በየት በኩል ነው ብሎ አከታተለባት። እቴቴ ቀኑን ሙሉ ስትጽፈው የዋለች ስለሆነ፣ ምን ማለት እንደሆነ ባይገባትም፣ ቃል በቃል ታውቀዋለች። ከተናጋሪ አንድ ጀምራ ደረደረችለት። በአንደኛው ሳቀ። ሁለተኛውን ይሄ ሰው ነው አለ። በጓዙ ጉዳይ ላይ ተናጋሪ አምስትን ደገፈ፤ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው ስትነግረው ግን ድጋፉን አነሣ። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሰባተኛ የለም?» አላት።

«ሰባተኛውን ተወው። ጅል ነው።»

«የጅል ነገር ነው ደስ የሚለው። ንገሪኝ።»

እሷም ነፍስ ይማሩን ዘላ፣ አባቴ ያለውን ዘላ፣ ስለ ሳንባውና ስለ ኦክስጅኑ ብቻ ነገረችው። አባትየው ማኘኩን አቆመ። ቱርቦ በሽተኛ ነው? አለ ይባላል እንጂ የለም? ደግማ እንድትነግረው አደረገ። ደህናው እጁ ብርድ ልብሱን ጨምድዶ ያዘ።

«ምን ዓይነቱ ነው?» አለ። «ይህን ማን አስተማረው? የማን ልጅ ነው?»

እቴቴ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ያንተ» አለች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የቀረውን ይዛ መቆየት አልቻለችም። መስክ ነኝ ማለቱን፣ መልእክቱን፣ የመኪናዋን ወረፋ፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ነፍሱን ይማረውና ማለቱንም፣ አዳራሹ ነፍስ ይማር ማለቱንም። ጨርሳ ፈራች። አባትየው ዓይኑን ወደ ጣራው አነሣ። ከታች መንገድ ላይ አንድ መኪና አለፈ፤ ምኑ እንደተበላሸ አልተናገረም። ሊያለቅስ ነው ብላ ፎጣውን አነሣች።

«ሰዉ ብዙ ነበር?» አለ በመጨረሻ።

«አዳራሹ ሙሉ ነበር።»

ራሱን ነቀነቀ። «ስለ እኔ ብዙም አልተሳሳተም» አለ። «ስለ ቱርቦው ነው የዋሸው።»

ከዚያ በኋላ እቴቴ ከታመመ ወዲህ ሰምታው በማታውቀው ርዝመት ተናገረ። ጋራዡ ውስጥ የመጀመሪያው ባለቱርቦ ጭነት መኪና የመጣ ዕለት፣ ሙሉ ጭነት አስጭኖ ያንን ሹፌሮች ሁሉ የሚረግሙትን ረዥም ዳገት ለመሞከር ሲወጣ ወንድ ልጁን ከጎኑ አስቀምጦት ነበር። ድሮ መኪናው እየተንፏቀቀ፣ ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ እየወሸቀ የሚወጣውን ዳገት ያን ዕለት አንድ ጊዜ ሳይቆም ወጣው። አናቱ ላይ አቁሞ፣ ሰው ሁሉ እስኪያየው ብቻውን እንደ እብድ ሳቀ። ልጁ ግን ገና ዳገቱ ሳይጀመር ተኝቶ ነበር፤ ተኝቶ ወጣ፣ ተኝቶ ወረደ። እና አሁን ተኝቶ ያልሰማውን አባቴ አለ ብሎ ይመሰክራል። «በእርዳታ የወጣም ዳገቱን ወጥቷል» አለ፤ ምላሱ እየተያያዘበት ሁለት ጊዜ ሞከረውና ሦስተኛው ላይ ተሳካለት። «ስልኬን አምጪው።»

ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ደውሎበት ባያውቅም ባትሪው ሲያልቅ ስለሚጨነቅ እየሞላች ታስቀምጥለታለች። ቁጥሩን ነክታ ጆሮው ላይ ያዘችለት። ለእሷ ያላነሣው ሰው ለአባቱ ስልክ በሁለተኛው ጥሪ አነሣ። ከጀርባው የሰው ጫጫታ፣ ከጫጫታው ጀርባ ደግሞ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ሃሎ፣ እቴቴ፣ ምን ሆነ፣ አባባ ምን ሆነ አለ በድንጋጤ።

«ሟቹ ነኝ» አለ አባትየው። «ቱርቦ በሽተኛ ነው ብያለሁ አልክ አሉኝ። የት ነው ያልኩት?»

ዝምታው ረዥም ነበር፤ እቴቴ ብትጽፈው በቅንፍ ይገባ ነበር። አባትየው አልጠበቀውም። ከኋላህ የምትጮኸው መኪናዋ ነች፣ ድምፅዋ እኮ አልታፈነም፣ ለዚያ ተናጋሪ አንድ ለተባለው ሰውዬ ንገርልኝ፤ ና፣ መጥተህ የዳገቱን ነገር ፊት ለፊት ንገረኝ አለና፣ ስልኩን ውሰጂ ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሩቅ አገር የነበረው ወንድም ውሃ ፈልቶ ሻይ ሳይቀዳ ደረሰ። ደረጃውን በሩጫ ወጥቶ ያለከልካል። አንገቱ ላይ የአስመጪው የእንግዳ ካርድ ተንጠልጥሏል፤ ማውለቁን ረስቶታል። እቴቴ አየችው፣ እሱም ማየቷን አየ፣ አንዳቸውም ስለተገለበጠው ጭነት መኪና አላነሡም። አባቱ ክፍል ሳይገባ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ካርዱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ሊዋሽ ሲል የሚጠርገውን ጉሮሮ አልጠረገም።

«እንደዚህ ሆኖ ላየው አልችልም፣ እቴቴ» አላት በዝቅታ። «ሙሉ ካምቢዮ ከመኪና ሥር ብቻውን በክንዱ ያወርድ የነበረ ሰው ነው። የለም ስል ይቀለኛል።»

እሷ ብዙ የምትለው ነገር ነበራት። ለአራት ዓመት የተጠራቀመ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ቀላል ነው ልትለው ፈልጋ ነበር፤ ቀለለህ እንጂ እኔ ላይ ነው የከበደው ልትለውም ፈልጋ ነበር። ትከሻዋ ድረስ እየወጣ ካለው ሕመም ጋር ይህን ሁሉ ማዘጋጀት አልቻለችም።

«እኔም ላየው አልችልም» አለች። «ግን አያለሁ።»

ወንድምየው ገባ። መጀመሪያ በሩ ጋ ቆሞ አባቱን እንደ ባዳ አየው፤ የቀጠነውን ክንድ፣ የተጣመመውን ከንፈር። ከዚያ አባትየው ተቀመጥ እንኳ ሳይለው ማን ነው ኦክስጅን የተሰካለት አለው። ልጁ መልስ ሰጠ። አባቱ መልሱን ጣለው። ልጁ ወንበር ሳበ። እቴቴ መድኃኒቱ በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ፣ ማታ አንዴ መገልበጥ እንዳለበት፣ ውሃ በፍጥነት ካጠጡት ትን እንደሚለው በሩ ላይ ቆማ ነገረቻቸው። እሺ አለ ወንድሟ ሳይዞር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንድ ነገር ነው የያዙት። ድሮም እንዲህ ነበሩ፤ ጋራዥ ውለው በዘይት ጠቁረው ይገቡና እሷ ያቀረበችውን እየበሉ ስለማታውቀው ነገር ይጨቃጨቁ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ና አባትህን እይ ብላ ለምናዋለች፤ በሽታ ነግራዋለች፣ አልቅሳለታለች፣ ተቆጥታዋለች። ያመጣው ግን አንድ የሞተር ክርክር ነው። ይህን ብታውቅ ኖሮ ገና ድሮ አንዱን ሞተር ትሰድበው ነበር።

የመድኃኒቱን ሰዓት ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈች። ሻንጣዋን አንሥታ እንግዲህ ሄድኩ አለች። አባትየው ደህናውን እጁን ከፍ አደረገላት፤ ሰላምታም ይሁን ቆይ ልናገር ማለት አልለየላትም። ወንድሟ ላድርስሽ ብሎ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ ነበር፤ አባቱ አንድ ነገር ሲል ተመልሶ ተቀመጠ። ሻንጣው ቀላል ነው ተው ተቀመጥ አለችው፣ አስቀድሞ ለተቀመጠ ሰው። ሦስቱን ፎቅ ራሷን ደግፋ ወረደች።

ሆስፒታሉ ጀምበር ሳትጠልቅ ተቀበላት። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ፣ በሩ አጠገብ ያለው ተሰጣት። መዝገብ የያዘችው ነርስ አስታማሚሽ ማን ነው ስትላት፣ እቴቴ ጥያቄው ለሌላ ሰው የቀረበ መስሏት ዞር ብላ አየች። የለኝም አለች ኋላ። በሌሎቹ አልጋዎች ዙሪያ እህት፣ ባል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ትራስ ያስተካክላል፤ አንዷ ሴትዮ እናቷን እያበጠረቻት ነበር። እቴቴ የሆስፒታሉን ጋዋን ለብሳ፣ አንሶላውን እስከ አገጯ ስባ ተጋደመች። በደህና ቀን ያልተሰማት ፍርሃት መጣባት። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ አይዞሽ ቢላት ምን ነበረበት። ሰው ሁሉ የሚናገረውን ሰምታ ስትጽፍ ኖራ፣ የእሷ ተራ ሲደርስ የሚሰማ ጠፋ። ነርሷ መርፌውን እጇ ላይ አስገብታ እያሰረች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የወንድሟ ቁጥር ነው።  ትን ብሎታል፣ ወድቋል፣ ወይም ገብቶት ሊጠይቃት ነው ብላ በአንድ እጇ አነሣችው።

«እቴቴ፣ ያ ተናጋሪ አራት ያልሽው ሰውዬ» አለ ወንድሟ። «ቱርቦዎቹ ሁለት ናቸው ነው ያለው አንድ? አባባ ሁለት ነው ብላኛለች ይላል።»

«ሁለት» አለች።

ሁለት ነው ትላለች ብሎ ወደ ኋላ ሲናገር ሰማች። ከዚያ የአባቷ ሳቅ መጣ፤ እየተጎተተ፣ እየተንጠባጠበ፣ ግን ሳቅ። ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ተናደደች። ወንድሟ አላልኩህም ነበር ለሚለው አባቱ መልስ ሊሰጥ ተቻኩሎ ስልኩን ዘጋ። እንዴት ገባሽ አላላትም፣ ፈራሽ ወይ አላላትም። እቴቴ የስልኩን የጎን ቁልፍ ተጭና ያዘችው።

ነርሷ አየቻትና፣ «ኧረ አታጥፊው» አለቻት። «ማታ ቤተሰቦችሽ ቢፈልጉሽስ?»

«ይፈልጉኛል እንጂ» አለች እቴቴ። «የማጠፋውም ለዚሁ ነው።»